የማይታየው መስክ፦ የጋሞ ልጆች ማግኔትን በእጃቸው ነክተው ሊማሩት ይገባል

ከጋሞ ደጋ ተነሥቶ አርባ ምንጭ ከተማን በማለፍ ወደ ጫሞ ሐይቅ የሚገባው የኩልፎ ወንዝ ክረምቱ ሲያልፍ በዳርና በዳሩ አሸዋ ጥሎ ይጎድላል። በአሸዋው ላይ ብዙ ጊዜ እንደ ተፈጨ ከሰል የጠቆሩ ቀጫጭን መስመሮች ተጋድመው ይታያሉ። አሸዋ ጫኙ አካፋውን ይሰድበታል፤ ከብት የሚያጠጣው እረኛ ረግጦት ያልፋል፤ ልብ የሚለው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከተበላሸ ሬዲዮ የወጣ ማግኔት በክር ታስሮ በዚያ ጥቁር መስመር ላይ ቢጎተት ጥቁሩ አሸዋ እየዘለለ ይጣበቅበታል፤ እንደ ጃርት እሾህም ቀጥ ብሎ ይቆማል።

ይህ ተራ የልጆች ጨዋታ ሊመስል ይችላል። ነገሩ ግን በአገሪቱ የ10ኛ ክፍል የፊዚክስ መጽሐፍ ውስጥ ራሱን የቻለ ምዕራፍ ይዟል። የውኃ ፓምፕ የሚያዞረው፣ የግድብ ውኃ ኤሌክትሪክ የሚሆነው፣ ሬዲዮ ድምፅ የሚያሰማው በዚሁ ኃይል ነው። በገጠር የሚኖረው ተማሪ ይህን ኃይል በቃል ሸምድዶ ከመፈተኛ ክፍል ይገባል እንጂ፣ ትምህርቱን የሚያስረዳው አሸዋ ከመንደሩ ሥር እንደ ተኛ የሚነግረው ብዙ ጊዜ አያገኝም።

ጉዳዩ የገበሬ ማኅበር መሪዎችን ለምን ይመለከታል?

የትምህርት ጉዳይ የመምህራን ብቻ ሆኖ አያውቅም። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. ሲጀመር በየገጠሩ የመማሪያ ዳስ የጣሉት፣ ወንበር የጠረቡትና አዛውንቱን ከእርሻ ወደ ፊደል የጠሩት የገበሬ ማኅበራት ነበሩ። ያን ጊዜ ጥያቄው ፊደል የመለየትና ያለመለየት ነበር። ዛሬ ጥያቄው የገበሬው ልጅ ትምህርት ቤት ደርሶ የተማረውን በእርግጥ ተረድቶታል ወይ የሚል ነው።

መልሱ የሚያስደስት አልሆነም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ፣ በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኝተዋል። ለዚህ ምክንያቱ አንድ አይደለም፤ የመጽሐፍ እጥረት፣ የቋንቋ ችግር፣ የሰላም መጥፋትና ሌላም ሌላም ሊዘረዘር ይችላል። ከእነዚህ መካከል አንደኛው ግን በገበሬ ማኅበር አቅም ሊቃለል የሚችል ነው፤ ይኸውም የሳይንስ ትምህርት ያለ ሙከራ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ መሰጠቱ ነው።

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ቤቱ በጋሞኛ፣ ከተማ ሲወርድ በአማርኛ የሚነጋገር ልጅ በሦስተኛ ቋንቋ ስለማይታይ ኃይል ሲነገረው፣ ቃሉን እንጂ ነገሩን ይዞ አይወጣም። ዐይኑ ያየውንና እጁ የዳሰሰውን ነገር ግን በየትኛውም ቋንቋ ቢጠየቅ አይረሳውም።

መስክ ማለት ምን ማለት ነው?

በማግኔት ዙሪያ ያለውና ኃይሉ የሚሠራበት ሥፍራ «የማግኔት መስክ» ይባላል። ቃሉ ለገበሬ እንግዳ አይደለም። መስክ ማለት ከብት የሚሰማራበት ሜዳ ነው። በችካል የታሰረ ጥጃ ገመዱ እስከሚደርስለት ድረስ በችካሉ ዙሪያ ይግጣል፤ ያ ክብ ሥፍራ የጥጃው መስክ ነው። ማግኔትም እንዲሁ በዙሪያው ኃይሉ የሚደርስበት ሥፍራ አለው፤ ሚስማር በዚያ ሥፍራ ውስጥ ሲገባ ይሳባል።

ምሳሌው የሚያስኬደው ግን እስከዚህ ድረስ ነው። የጥጃው ገመድ በአንድ ቦታ ያልቃል፤ የማግኔት መስክ ግን ድንበር የለውም፤ እየራቀ ሲሄድ እየደከመ ይሄዳል እንጂ በአንድ ቦታ ተቆርጦ አይቀርም። በዚህ በኩል መስክ የሚመስለው የምድጃን ሙቀት ነው። ከእሳቱ አጠገብ የተቀመጠ ይለበለባል፤ ከበሩ አጠገብ ያለው ይሞቀዋል፤ ከደጅ ያለው ምንም አይሰማውም። የማግኔት ኃይል ደግሞ ከእሳትም በፈጠነ ሁኔታ ይደክማል። ከአንድ ትንሽ ማግኔት ራቅ ያለ ነጥብ ተወስዶ ርቀቱ እጥፍ ቢሆን የመስኩ ጥንካሬ ወደ ስምንተኛ እጁ ይወርዳል፤ ርቀቱ ሦስት እጥፍ ቢሆን ደግሞ ከሃያ ሰባት አንድ እጅ ብቻ ይቀራል። ማግኔት ከአጠገቡ ያለውን ሚስማር ዘሎ ሲይዝ ጥቂት ፈቀቅ ያለውን ግን የማያንቀሳቅሰው በዚህ ምክንያት ነው።

መስክ አቅጣጫም አለው። ሙቀት ወዴት ነው ቢባል «ከእሳቱ ወደ ውጭ» ከማለት በቀር ሌላ መልስ የለም። የማግኔት መስክ ግን በየነጥቡ የራሱ አቅጣጫ አለው። ትንሽ የኮምፓስ መርፌ በማግኔት ዙሪያ ብትዞር በየሥፍራው አቅጣጫዋን ትለውጣለች። ማግኔት ሁለት ጫፎች አሉት፤ አንዱ ሰሜን ዋልታ ሁለተኛው ደቡብ ዋልታ ይባላሉ። ተመሳሳዮቹ ይገፋፋሉ፤ የተለያዩት ይሳሳባሉ። የመስኩ አቅጣጫ ከሰሜኑ ዋልታ ወጥቶ፣ በአየር ውስጥ ዞሮ፣ በደቡቡ ዋልታ የሚገባ ነው።

የወንዙ አሸዋ የሚያሳየው

የጋሞ ደጋና አካባቢው በአብዛኛው የተሠራው ከጥንት እሳተ ገሞራ በፈሰሰ ጥቁር ድንጋይ፣ ማለትም በባዛልት ነው። በዐማሮና በጋሞ የሚገኘው ባዛልት ከ45 እስከ 35 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ በኢትዮጵያ ከታወቁት የእሳተ ገሞራ አለቶች እጅግ ቀደምት ከሚባሉት አንዱ ነው። በዚህ ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል ጥቁር የብረት ማዕድን በጥቂቱ ተበትኖ ይገኛል። ዝናብና ፀሐይ ድንጋዩን ሲያፈርሱት ጎርፍ ፍርስራሹን ወደ ወንዝ ያወርደዋል። ማግኔታይት ከተራው አሸዋ ስለሚከብድ ውኃው ሲደክም ቶሎ ወርዶ በመስመር ይከማቻል።

ለትምህርት ቤት ይህ አሸዋ ከከተማ ከሚገዛው የብረት ብናኝ ጋር አንድ ዓይነት አገልግሎት ይሰጣል። አዘገጃጀቱም ቀላል ነው። ማግኔቱ በቀጭን ላስቲክ ይጠቀለላል፤ ከዚያም በደረቅ አሸዋ ላይ ይጎተታል። የተጣበቀው ጥቁር አሸዋ በንጹሕ ወረቀት ላይ ላስቲኩን ከማግኔቱ በማላቀቅ ይራገፋል። ይህ ሦስት ወይም አራት ጊዜ ሲደጋገም ተራው አሸዋ እየቀረ ንጹሑ ጥቁር ብናኝ ብቻ ይቀራል። ላስቲኩ ከተረሳ ግን አሸዋው ከማግኔቱ ጋር ተጣብቆ ለማላቀቅ ያስቸግራል።

ከዚህ በኋላ ማግኔቱ ከጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል፤ በላዩ ወረቀት ወይም ቀጭን ካርቶን ይዘረጋል፤ ጥቁሩ አሸዋ እንደ ጨው በስሱ ይነሰነስበታል። ወረቀቱ በጣት ሲመታ እያንዳንዱ ቅንጣት ለራሱ ትንሽ ማግኔት ሆኖ ከጎረቤቱ ጋር ይሰለፋል። በወረቀቱ ላይ ከአንዱ ዋልታ ወደ ሌላው የሚቆለመሙ መስመሮች ይሣላሉ። በዋልታዎቹ አጠገብ መስመሮቹ ይተፋፈጋሉ፤ ከዚያ ሲርቁ ይሳሳሉ። መተፋፈጋቸው መስኩ መበርታቱን፣ መሳሳታቸው መድከሙን ያመለክታል።

የማግኔቱ ቅርጽ ሲለያይ ሥዕሉም ይለያያል። የዘንግ ቅርጽ ያለው ማግኔት ሥዕሉ ግልጽ ነው። ከሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የሚወጣው ግን እንደ ቀለበት ክብ ሲሆን ዋልታዎቹ በሁለቱ ጠፍጣፋ ፊቶቹ ላይ ናቸው። ተማሪው ይህን ሳያውቅ ከቀለበቱ ዳር ሰሜንና ደቡብ ቢፈልግ ግራ ይጋባል። ቀለበቱ በጠርዙ ቀጥ ብሎ ቢቆምና ወረቀቱ ከላዩ ቢዘረጋ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው የሚዞረው መስመር በግልጽ ይታያል።

ተማሪዎች የሚስቷቸው ነጥቦች

በዚህ ትምህርት ላይ በተደጋጋሚ የሚታዩ አምስት ስሕተቶች አሉ። መምህሩ ሙከራውን ሲያሳይ እነዚህን ነጥቦች ቢያነሣ ድካሙ ፍሬ ያገኛል።

አንደኛው፣ መስመሮቹን እንደ እውነተኛ ክር መቁጠር ነው። በአሸዋው መስመሮች መካከል ባዶ ቦታ ይታያል፤ ተማሪውም «እዚያ ላይ ኃይል የለም» ይላል። ወረቀቱ ተራግፎ አሸዋው እንደገና ቢነሰነስ ግን መስመሮቹ ቀድሞ ባዶ በነበረው ቦታ ያልፋሉ። መስኩ ያለው በሁሉም ቦታ ነው፤ መስመር የአቅጣጫ ማሳያ ብቻ ነው።

ሁለተኛው፣ መስመሮች ይቆራረጣሉ ብሎ መሣል ነው። ሁለት መስመሮች በአንድ ነጥብ ላይ ቢያልፉ ኖሮ እዚያ የምትቀመጥ መርፌ በአንድ ጊዜ ወደ ሁለት አቅጣጫ ማመልከት ይኖርባት ነበር። ይህ ሊሆን ስለማይችል የመስክ መስመሮች ከቶ አይቆራረጡም።

ሦስተኛው፣ መስመሩ በሰሜን ዋልታ ተጀምሮ በደቡብ ዋልታ ያልቃል ማለት ነው። መስመሩ በደቡቡ ከገባ በኋላ በማግኔቱ ሆድ ውስጥ አልፎ ወደ ሰሜኑ ይመለሳል። እንደ እንዝርት ቀለበት መነሻና መድረሻ የሌለው ዙር ነው።

አራተኛው፣ ማግኔት ከመካከል ቢሰበር ሰሜኑ ለብቻው፣ ደቡቡ ለብቻው ይሆናል ብሎ ማሰብ ነው። የተሰበረ ማግኔት ሁለት ሙሉ ማግኔቶች ይሆናል፤ እያንዳንዱም ሁለት ዋልታ ይኖረዋል።

አምስተኛው፣ ማግኔት ማናቸውንም ብረት መሰል ነገር ይስባል የሚለው ነው። ማግኔት አጥብቆ የሚስበው ብረትን፣ ኒኬልንና ኮባልትን እንዲሁም ከእነርሱ የተቀላቀሉትን አንዳንድ ነገሮች ነው። መዳብን፣ አሉሚኒየምን፣ ብርንና ወርቅን አይስብም። ብረት ያለበት አፈር ሁሉም አይሳብም። የደጋው ቀይ አፈር የቀላው በውስጡ ባለው የብረት ዝገት ቢሆንም፣ ያ ዓይነቱ ዝገት ለማግኔት የሚሰጠው ምላሽ እጅግ ደካማ ነው።

ይህ አምስተኛው ነጥብ ከፈተና ባሻገር ለመንደሩም ይጠቅማል። «ይህ ማግኔት የተቀበረ ወርቅ ይስባል» ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ቢመጣ አታላይ መሆኑን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በቀለበትና በማግኔት ሊያረጋግጥ ይችላል። ወርቅ አጣቢዎች በማግኔት የሚጠቀሙት በተቃራኒው ነው፤ ጥቁሩን አሸዋ በማግኔት አንሥተው ሲያስወግዱ ወርቁ ከሥር ይቀራል።

የሸክላ ጣባና መርፌ

የልብስ መርፌ በማግኔት አንድ ጫፍ፣ በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ሠላሳ ጊዜ ያህል ቢታሽ ራሱ ማግኔት ይሆናል። ወዲያና ወዲህ ከታሸ ግን ሥራው ይበላሻል። መርፌው በደረቅ የእንሰት ቅጠል ቁራጭ ወይም በቡሽ ላይ ተደርጎ ውኃ በያዘ የሸክላ ጣባ ላይ ቢንሳፈፍ ዞሮ ዞሮ በሰሜንና በደቡብ መካከል ይቆማል። ቢገፉትም ተመልሶ እዚያው ይገኛል። ዕቃው የብረት ሳህን መሆን የለበትም፤ ብረት መርፌውን ያሳስተዋል።

መርፌውን ያዞረው መሬት ነው። መሬት ራሷ ታላቅ ማግኔት መሆኗን እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1600 ባሳተመው መጽሐፍ አስረድቷል። እዚህ ላይ ተማሪ የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። የመርፌው ሰሜን ጫፍ ወደ ሰሜን የሚሳብ ከሆነ፣ የተለያዩ ዋልታዎች ስለሚሳሳቡ፣ በመሬት ሰሜን በኩል ያለው የማግኔት ዋልታ በጠባዩ ደቡብ ነው ማለት ነው። ይህ እውነት ነው፤ ስሙን ያወጡት ሰዎች የመርፌውን ጫፍ ሰሜን ብለው ስለ ጀመሩ የመጣ ነው።

በዚህ ጉዳይ ኢትዮጵያ የተለየ ሥፍራ አላት። የመሬት መስክ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል ጋደም ብሎ የሚያልፍበት መስመር የማግኔት የምድር ወገብ ይባላል፤ ይህም መስመር አገሪቱን አቋርጦ በአዲስ አበባ አቅራቢያ ያልፋል። በለንደን በመካከሏ የተሰቀለች የማግኔት መርፌ 66 ዲግሪ ገደማ ወደ መሬት ትደፋለች። በአዲስ አበባና በአርባ ምንጭ ግን ጋደም ለማለት ጥቂት ብቻ ይቀራታል። ይህን ልዩ ሥፍራ ለማጥናት በ1950 ዓ.ም.፣ የዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት ተብሎ በተሰየመው ወቅት፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ ሥራ ጀምሯል። መሥራቹና የመጀመሪያው ዳይሬክተር ካናዳዊው አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። የኦብዘርቫቶሪው መዝገብ በዓለም ሳይንቲስቶች ዘንድ ተፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም ቀን ቀን ከመሬት በላይ 100 ኪሎ ሜትር በሚያህል ከፍታ፣ በዚሁ በማግኔት የምድር ወገብ ላይ ወደ ምሥራቅ የሚፈስ የኤሌክትሪክ ጅረት አለ፤ እርሱም የመሣሪያዎቹን መርፌ በየቀኑ ያነቃንቃል።

በአዲስ አበባ የመሬት መስክ ጥንካሬ 36 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። የአንድ ትንሽ ማግኔት ጫፍ ከዚህ መቶ ጊዜና ከዚያም በላይ ይበረታል። ሆኖም የትንሹ ማግኔት ኃይል በርቀት ቶሎ ስለሚወድቅ ጥቂት እርምጃ ሲራቅ የመሬት መስክ ያሸንፋል። ተማሪው ጣባውን ከማግኔቱ ቀስ በቀስ እያራቀ መርፌው ማግኔቱን ትቶ ለመሬት የሚገዛበትን ቦታ ቢፈልግና በክንድ ቢለካ፣ ከአንድ ሙሉ ገጽ ንባብ የበለጠ ይረዳዋል።

መሬት በኮምፓስ ለሚለኩ ሰዎችም ትምህርቱ ይጠቅማል። ማጭድ ወይም ገጀራ በእጅ ይዞ፣ ከቆርቆሮ ቤት ሥር ወይም ከብረት አጥር አጠገብ ቆሞ የሚነበብ ኮምፓስ ይዋሻል። ጠንካራ የባዛልት ዐለት ላይ ቢቀመጥም እንዲሁ ሊስት ይችላል። ብዙዎቹ ዘመናዊ ስልኮች ውስጥ ያለው ኮምፓስም የሚሠራው በዚሁ መስክ ስለሆነ ያው ስሕተት ያገኘዋል።

የቀጥቃጩ እውቀት

ትምህርት ቤቱ ያላስተዋለው ሌላ መምህር በመንደሩ አለ፤ እርሱም ብረት ቀጥቃጩ ነው። ማረሻና ማጭድ የሚሠራው ሰው ብረት በእሳት ሲግል ጠባዩ እንዴት እንደሚለወጥ በቀለሙ ያውቃል። ብረት ደምቆ ሲቀላ፣ ማለትም በ770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ፣ ማግኔት መሳቡን ያቆማል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እንደገና ይሳባል። በብዙ አገር ያሉ ቀጥቃጮች ስለት ለማጠንከር ውኃ ውስጥ የሚነከርበትን ጊዜ የሚለዩት የጋለውን ብረት በማግኔት እየሞከሩ ነው። መምህሩ ተማሪዎቹን ወደ ወናፉ ወስዶ ይህን ቢያሳያቸው ሁለት እውቀቶች በአንድ ቦታ ይገናኛሉ። ማግኔቱ ራሱ ግን ከእሳቱ መራቅ አለበት፤ ከጋለ ኃይሉን ያጣል። በመዶሻ ቢመታ ወይም በተደጋጋሚ ቢወድቅም እንዲሁ ይደክማል።

የጋሞ ደጋም ድንጋይ ይህንኑ ሕግ ይመሰክራል። ከመሬት ሆድ የወጣው ቅላጭ ድንጋይ ሲቀዘቅዝና ከ580 ዲግሪ ገደማ ሲወርድ በውስጡ ያለው ማግኔታይት የዚያን ዘመን የመሬት መስክ አቅጣጫ ይዞ ይቀራል። ሳይንቲስቶች በመላው ዓለም እንዲህ ያሉ ድንጋዮችን መርምረው የመሬት ሰሜንና ደቡብ ዋልታዎች በታሪክ ብዙ ጊዜ ቦታ መለዋወጣቸውን ደርሰውበታል። የመጨረሻው ልውውጥ የሆነው ከ780,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው።

በጋሞ ደጋ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሸክላ ሠሪዎችና ቆዳ ፋቂዎች ለረጅም ዘመን ሲናቁና ሲገለሉ ኖረዋል፤ መሬት እንዳይኖራቸው፣ ከገበሬው ጋር እንዳይጋቡ ተደርገዋል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የመሬቱን በር ቢከፍትም ንቀቱ በአንድ ቀን የሚጠፋ አልሆነም። በዚህ ረገድ የማግኔት ታሪክ ራሱ ትምህርት ይሰጣል። «መስክ» የሚለውን ሐሳብ ለዓለም ያስገኘው ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1791 እንግሊዝ አገር የተወለደ የብረት ቀጥቃጭ ልጅ ነበር። ቤተ ሰቡ ድኻ ስለ ነበር ትምህርቱ ከማንበብና ከመጻፍ እምብዛም አላለፈም፤ በ14 ዓመቱ ከመጽሐፍ ጠራዥ ቤት ተቀጠረ፤ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት እያነበበ ራሱን አስተማረ። ከፍተኛ ሒሳብ አያውቅም ነበር። በወረቀት ላይ የብረት ብናኝ እየነሰነሰ መስመሮቹን ሲያጠና ግን ታላላቅ የሒሳብ ሊቃውንት ያላዩትን አየ። በአንድ መንደር የቀጥቃጭ ልጅ ከኋላ ወንበር ተገፍቶ ተቀምጦ ከሆነ፣ የማኅበሩ መሪ ይህን ታሪክ ሊያስታውስ ይገባዋል።

ከመስክ እስከ ውኃ ፓምፕ

ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኧርስቴድ እ.ኤ.አ. በ1820 ኤሌክትሪክ በሚያልፍበት ሽቦ አጠገብ የኮምፓስ መርፌ ስትዞር አየ። ይህም ኤሌክትሪክ ራሱ የማግኔት መስክ እንደሚፈጥር አረጋገጠ። ፋራዴይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1831 ነገሩን ገልብጦ፣ የማግኔት መስክ በሽቦ ዙሪያ ሲለዋወጥ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚወለድ አሳየ። የዛሬው ኤሌክትሪክ በአብዛኛው በእነዚህ ሁለት ግኝቶች ላይ የቆመ ነው።

በ2009 ዓ.ም. በተመረቀው በኦሞ ወንዝ ላይ ባለው የግልገል ጊቤ 3 ግድብ ውኃው 10 ተርባይኖችን ያዞራል፤ እያንዳንዱም 187 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ውኃው ኤሌክትሪክ አልያዘም። የሚሠራው በሽቦ ጥቅል መካከል ማግኔት ማዞር ብቻ ነው። በሌላው ጫፍ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ፓምፕ ወደ ሙዝና ወደ ፍራፍሬ ማሳ ውኃ ሲስብ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኤሌክትሪኩ በሽቦ ጥቅል ውስጥ መስክ ይፈጥራል፣ መስኩም የሞተሩን ዘንግ ያዞራል። ሞተር ሲቃጠል ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ይኸው የሽቦ ጥቅል ነው። ሞተሩን እንደገና የሚጠቀልለው ባለሙያ ከሩቅ ከተማ እስኪመጣ ሰብል ሊደርቅ ይችላል። የመስኩን ትምህርት በእጁ የተማረ የመንደሩ ልጅ ግን ነገ ያ ባለሙያ ሊሆን ይችላል።

ይህንንም በትምህርት ቤት ማሳየት ከባድ አይደለም። በቫርኒሽ የተሸፈነ ቀጭን የመዳብ ሽቦ በሚስማር ላይ 40 ዙር ያህል ተጠቅልሎ ሁለቱ ጫፎቹ ተፍቀው ከአንድ የእጅ ባትሪ ድንጋይ ጋር ቢገናኙ ሚስማሩ ማግኔት ሆኖ መርፌዎችን ያነሣል። ሲለያዩ መርፌዎቹ ይረግፋሉ። ሽቦው ስለሚግል ከጥቂት ሴኮንድ በላይ ማገናኘት አያስፈልግም። ይህ ሙከራ በግድግዳ መስመር ኤሌክትሪክ ከቶ መሞከር የለበትም፤ ሕይወት ያጠፋል።

በከብትና በወፍጮ ቤት

ከብት ሣር ሲግጥ ወይም ገለባ ሲበላ ሚስማርና ቁርጥራጭ ሽቦ አብሮ ሊውጥ ይችላል፤ በደንብ ሳያላምጥ ስለሚውጥ አይለየውም። ብረቱ የማር እንጀራ በመሰለው የሆድ ክፍል ውስጥ ያርፋል። ይህ ክፍል ለልብ ቅርብ ስለሆነ ሽቦው ወግቶ ልብን ሊያቆስል፣ ከብቱንም ሊገድል ይችላል። በብዙ አገር የእንስሳት ሐኪሞች ይህን ለመከላከል ለስላሳ የማግኔት ዘንግ ለከብቱ ያውጡታል፤ ማግኔቱ በዚያው ክፍል ተቀምጦ ሽቦውን አጣብቆ ይይዛል። ይህ የሐኪም ሥራ ነው እንጂ ማንም ያገኘውን ማግኔት ለከብት መስጠት አይገባውም። ሚስማርና ሽቦ ከግጦሽ መሬት ላይ መልቀም ግን የሁሉም ሥራ ነው፤ በገመድ የታሰረ የድምፅ ማጉያ ማግኔት በግቢ ውስጥ ቢጎተት ይህን በቀላሉ ያከናውናል። እህል ወደ ወፍጮ ከመግባቱ በፊት ብረት ለመያዝ በወፍጮው አፍ ላይ የሚገጠመው ማግኔትም የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው።

በሕፃናት ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ትናንሽና ኃይለኛ ማግኔቶችን ሕፃን ሁለት ሦስት ቢውጥ በአንጀቱ ውስጥ እርስ በርስ ተሳስበው አንጀቱን ይበሱታል። ማግኔት በቁልፍ መቀመጥ አለበት።

ከማኅበራት መሪዎች የሚጠበቀው

ለአንድ ትምህርት ቤት የሚያስፈልገው ዕቃ በአንዲት የካርቶን ሣጥን ይጠቃለላል፦ ሁለት ወይም ሦስት ማግኔት፣ ግማሽ ኪሎ ንጹሕ ጥቁር አሸዋ፣ ነጭ ወረቀት፣ መርፌዎች፣ የሸክላ ጣባ፣ የባትሪ ድንጋይ፣ ቀጭን የመዳብ ሽቦና ሚስማር። ማግኔቱ ከሬዲዮ ጠጋኝ ቤት ከሚጣል ድምፅ ማጉያ ይገኛል። አሸዋው ከወንዝ ነው። ጣባውን ሸክላ ሠሪዋ፣ ሚስማሩን ቀጥቃጩ ሊሰጥ ይችላል። የሚገዛው ሽቦውና የባትሪ ድንጋዩ ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

የማኅበሩ መሪ ማግኔት ምን እንደ ሆነ ለማስተማር አይጠየቅም፤ ያ የመምህሩ ሥራ ነው። የእርሱ ድርሻ ሦስት ነው። ሣጥኑ እንዲሟላ ማድረግ አንዱ ነው። ሙከራው በሚታይበት ቀን ወላጆች እንዲገኙ መጥራት ሁለተኛው ነው፤ አባትና እናት ልጃቸው የሚማረውን በዐይናቸው ካዩ ለእርሻና ለከብት ጥበቃ ከክፍል የሚያስቀሩበት ቀን ይቀንሳል። ሦስተኛው ሴት ልጆችና የባለ እጅ ልጆች ከኋላ ቆመው ተመልካች እንዳይሆኑ፣ አሸዋውን የሚነሰንሱት እነርሱም እንዲሆኑ መቆጣጠር ነው።

በ1979 ዓ.ም. የውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኖ ተቋቁሞ በ1996 ዓ.ም. ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገው የአርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲ ለእነዚህ ልጆች በቅርብ የሚገኝ ነው። ከጨንቻ ከተማ እስከ አርባ ምንጭ ያለው መንገድ 37 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ብዙ የደጋ ልጆችን ከዩኒቨርሲቲው በር ያራቃቸው ግን የመንገዱ ርዝመት ሳይሆን ሳይረዱ የሸመደዱት ትምህርት ነው።

የኩልፎ ውኃ በጎደለ ቁጥር ጥቁሩ አሸዋ በዳሩ ላይ ይጠብቃል። አንድ ቅዳሜ ጧት ጥቂት ተማሪዎች ከመምህራቸው ጋር አንድ ማግኔትና አንድ ላስቲክ ይዘው ቢወርዱ የዓመቱን ትምህርት የሚበቃ ብናኝ በጥቂት ሰዓት ሰብስበው ይመለሳሉ። ሥራው የሚጠይቀው ይህን ያህል ብቻ ነው፤ የሚጀምረውም «እንሂድ» በሚል አንድ የማኅበር መሪ ነው።